የባዶዋ ሳጥን ክርክር

ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ብዙ ነገር ነው፤ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ገበያ አለ። እኛን አራታችንን በአንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠን ግን ጉም ነበር። የትምህርት ቤቱ የብርድ ወራት ዕረፍት የጀመረበት ሰኞ ጠዋት ነው። ከደሴታችን ከግዮዶንግ ወደ አውራጃው ከተማ የምትሻገረው ጀልባ ጉሙ ሳይገፈፍ አትነሣም ተባለና በወደቡ ማረፊያ የከሰል ምድጃውን ከበን ተቀመጥን።

እኔ በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ «ጸሐፊው» ይለኛል። በቀኜ የተቀመጠችው መምህርት ዮም ናት፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ፣ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ዕረፍቱን ከወላጆቿ ጋር ልታሳልፍ የምትሄድ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ የስምንት ዓመት ልጅ በእጃቸው ይዘው ገቡ። ስማቸው ኦክ ቺሶንግ ነው፤ ይህን ስም የሚያውቀው ግን የእኔ መዝገብ ብቻ ነው። ለሰው ሁሉ የቦራም አያት ናቸው። ቦራም ያቺ የያዟት ልጅ ናት። አባትና እናቷ ኢንቾን በምትባል ከተማ ፋብሪካ ስለሚሠሩ ያደገችው በእሳቸው እጅ ነው፤ ያን ዕለትም ከተማ ድረስ አድርሰው ለእናቷ ሊያስረክቧት ነበር።

የቦራም አያት በጦርነቱ ጊዜ ከማዶ፣ ከዮንባክ በጀልባ የተሻገሩ ሰው ናቸው። «ለአንድ ቀን ነው» ብለው ወጥተው አርባ ሰባት ዓመት ቆዩ። ጉም በሌለበት ቀን ከደሴቲቱ ሰሜን ዳር ቆሞ የተወለዱበትን ሰፈር ኮረብታ ማየት ይቻላል። በመሐል ያለውን ውኃ አንድ ብርቱ ቀዛፊ ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ይሻገረዋል። ግን ጦርነቱ አገሩን ለሁለት ከፍሎ ውኃውን ድንበር ስላደረገው የሚሻገረው የለም።

ሽማግሌው መምህርቷን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀድመው እጅ ነሡ። ስለ ብርዱ ተጨዋወትን፤ የገብስ ሻይ ተቀዳልን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከልጅቷ ቦርሳ የሒሳብ ደብተሯን አወጡ።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ይጠይቁ እንጂ አባባ።»

«እዚህ ላይ በቀይ ያሰመሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቀዩ የተሰመረው በእኔ ላይ ነው። ልጅቷን ያሠራኋት እኔ ነኝ። ከስምንት ላይ አምስት ሲቀነስ ሦስት ነው። እኔ ስማር ሦስት ነበር። መንግሥት ቀይሮት እንደሆነ አልሰማሁም።»

መምህርቷ ሳቋን በሻይ ስኒዋ ጋረደች። ደብተሩን ተቀብላ ጥያቄውን ጮክ ብላ አነበበችው። በሽቦ ላይ ወፎች ነበሩ፤ አምስቱ በረሩ፤ ስምንት ቀሩ፤ በመጀመሪያ ስንት ነበሩ? ከሥሩ ደግሞ □ − 5 = 8 የሚል ተጽፏል። በባዶዋ ሳጥን ውስጥ የቦራም እጅ «3» ብሎ ሞልቷል፤ በሦስቱ ላይ ቀዩ መስመር ተጋድሟል።

«አባባ፣ መጀመሪያ ሦስት ወፎች ብቻ ከነበሩ አምስቱ ከየት መጥተው በረሩ?» አለች በትሕትና።

ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ መልሰው አራቁ። «ምልክቱ የመቀነስ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መቀነስ ካለ ይቀነሳል። ልጅ የሚማረው እንዲህ ነው።»

«ምልክቱ የሚነግረን በወፎቹ ላይ የሆነውን ነው። በረሩ ይላል። እኛ ግን የምንፈልገው ከመብረራቸው በፊት የነበረውን ነው። ወደዚያ ለመመለስ የበረሩትን መጥራት አለብን። የቀሩት ስምንት፣ የተጠሩት አምስት፤ አስራ ሦስት ይሆናሉ። ከተጠራጠሩም አስራ ሦስቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተው ያንብቡት፤ ከአስራ ሦስት ላይ አምስት ሲሄድ ስምንት ይቀራል።»

ቦራም አያቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። ከአስተማሪዋና ከአያቷ አንዱ መሳሳቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ልጅ ወዴት እንደምትዞር አታውቅም።

እዚህ ላይ ነገሩ በቀላሉ ያበቃል ብዬ ነበር። የቦራም አያት ግን ስሕተታቸውን ሲቀበሉም ጸባቸውን አልለቀቁም። እሳቸው የተማሩት በሰፈራቸው ሽማግሌ ቤት፣ በአርጩሜ ሥር ነው። በዚያ ቤት የሚሰጠው አስቀድሞ ይሰጣል፣ የሚጠየቀው በመጨረሻ ይጠየቃል፤ ሦስትና አራት ስንት ነው ይባላል፣ ሰባት ይባላል፣ አለቀ። አሁን ግን ጥያቄውን በባዶ ይጀምሩታል። ይህ ለልጅ መልካም እንዳልሆነ በሰፊው አስረዱን። ቤት ሲሠራ ምሰሶው ሳይቆም ጣሪያ እንደ መስቀል ነው አሉ። ቦራምም ሳጥኑን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፤ የማታውቀውን እንድትሞላ ስትገደድ እየገመተች ትጽፋለች፤ መገመት ደግሞ የውሸት ታናሽ ወንድም ነው።

«ባዶ ቦታ ባዶ ነው፣ መምህርት» አሉ። «ጨዋ ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ ዝም ይላል። አይሞላውም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። እኔ የሚናገሩት ስለ ወፎች እንዳልሆነ ገብቶኛል። እንዴት ሊገባኝ እንደቻለ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መምህርቷ ግን አዲስ ናት፤ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። አልተቆጣችም፣ አልተሟገተችም። ከቲኬት ሻጯ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ገዛችና መሐረቧን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሰባት ፍሬ ቆጥራ ለሽማግሌው አሳየች። ዓይንዎን ይጨፍኑ ስትላቸው ጨፈኑ፤ ቦራም በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። ሲገልጡ አራት ፍሬ ከላይ አለ፣ ሌላው ከመሐረቡ ሥር ነው።

«ከሥር ስንት አለ አባባ?»

«ሦስት።»

«ገመቱ?»

«ምን አስገመተኝ! ሰባት ነበር፣ አራቱ እዚህ አለ።»

«አዩ፣ ባዶዋ ሳጥን ይህች መሐረብ ናት። ልጆቹ እንዲገምቱ አልጠይቃቸውም። የሚታየውን ይዘው ወደማይታየው እንዲሄዱ ነው የምጠይቃቸው። ጠቅላላው ከታወቀ፣ አንዱ ወገን ከታወቀ፣ ሌላው ወገን ሊደበቅ አይችልም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉና አንዱን ኦቾሎኒ ፈልፍለው ለልጅቷ ሰጡ። ከዚያ አንድ ያላሰብነውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ከመሐረቡ ሥር ምንም ባይኖርስ?»

«ከላይ ሰባቱንም ካየሁ ከሥር ዜሮ ነው እላለሁ። እሱም መልስ ነው።»

«እሱን መልስ ሳያውቁት መቅረት አይሻልም?»

 መምህርቷ እኔን አየችኝ።  የቦራም አያት መሐረቡን አጥፈው መለሱላትና እንዲህ አሉ፤ «ለኦቾሎኒ ይሠራል፤ ይሁን ብያለሁ። ለሰው ግን አይሠራም። ሰው ሲጎድል ተቆጥሮ አይገኝም።»

እንግዲህ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። የቦራም አያት ሲሻገሩ እናታቸውንና ሱንዬ የምትባል ትንሽ እህታቸውን ከማዶ ትተው ነው የወጡት። እናታቸው በዚያን ጊዜም ሕመምተኛ ነበሩ፤ ዛሬ ይኖራሉ ብለው አያስቡም። እህታቸውን ግን ያስባሉ። በጦርነቱ የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማፈላለግ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ በእኔ ፖስታ ቤት በኩል ሁለት ጊዜ ልከዋል። በሁለቱም ላይ በተፈላጊዋ ዕድሜ ቦታ የጻፉት «ዘጠኝ» ብለው ነው። አይቼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ብዕሩን ሲያስቀምጡ ፊታቸውን አየሁና ማረም አቃተኝ። ቴምብር ለጥፌ ላክሁት። ለሰው ማዘን መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ፍርሃት ነበር እላለሁ። ያን ዕለትም ሦስተኛውን ቅጽ በእጃቸው ለአውራጃው ቢሮ ለማስረከብ በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ነበር።

ቀድማ የተናገረችው ቦራም ናት። 

«መምህርት፣ የአያቴን እህት በሳጥን እንሥራት። እሷ ማዶ ናት። እኔን ነው የምታክለው።»

«አንቺን?» አለች መምህርቷ።

«አዎ፤ አያቴ ጫማ ሲገዛልኝ የእሷም እግር ይህን ያህል ነው ይላል።»

መምህርት ዮም ነገሩን ያን ጊዜ ተረዳች። ፊቷ ተለወጠ። ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠግታ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ፈቃድ ጠየቀች፤ ካልወደዱ እንደምትተወው፣ ከወደዱ ግን ልጅቷ የጠየቀችውን አብረው ሊያዩት እንደሚችሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም ምድጃውን እያዩ መናገር ጀመሩ።

እናታቸው ሱንዬን ባዘሉ ቁጥር አንድ ቃል ይደጋግሙ ነበር አሉ፤ «በአስራ አንድ ዓመት ትበልጣታለህ፤ ወንድምም አባትም ሁናት» ይሏቸው ነበር። ሲወጡ ሱንዬ የግቢው በር ላይ ቆማ ነበር። የተቀቀለ ስኳር ድንች በእጇ ይዛለች። ነገ መጥቼ ትልቁን ቁራጭ እበላብሻለሁ አሏት። እሷም ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ ብላ ምላሷን አወጣችባቸው። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን አያውቁትም፤ የማያውቁት ደግሞ የለም ማለት ነው ብለው ኖሩ።

«እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው አባባ?» አለች መምህርቷ።

«ስልሳ ሰባት።»

«እንግዲህ ቦራም፣ ምን እናውቃለን?»

ልጅቷ በሆዷ ተኝታ በአግዳሚው ላይ ደብተሯን ዘረጋች። «አያቴ ስልሳ ሰባት ነው። እህቱን በአስራ አንድ ይበልጣታል። እሷን አናውቅም፤ ሳጥን ነች።» ሳጥኗን ሣለች፤ ከአጠገቧ □ + 11 = 67 ብላ ጻፈች። እርሳሷን ነከሰች። «የመደመር ምልክት ነው፣ ግን አልደምርም። ከስልሳ ሰባቱ ላይ አስራ አንዱን አወርዳለሁ።» አንዱን ከሰባቱ፣ አንዱን ከስድስቱ አወረደች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አያቴ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው» አለች።

«አይሆንም» አሉ ሽማግሌው።

«ልክ ነው። እየው፣ ስከተው ይገባል። ሃምሳ ስድስትና አስራ አንድ ስልሳ ሰባት።»

ሽማግሌው ደብተሩን ወሰዱ። ጣታቸውን በሳጥኗ ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ቆዩ። የሚያነቡ አይመስሉም ነበር፤ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ እስኪከፈትለት እንደሚቆም ነበር የቆሙት። በመጨረሻ የተናገሩት ለእኛ አልነበረም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስፈልግ የነበረው ልጅ ነው። ገበያ ስወጣ የማየው የልጆች ፊት ነው። በቴሌቪዥን ከማዶ ሰዎች ሲታዩ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ልጆቹ ነው። እሷ በአጠገቤ ብታልፍ ኖሮ... አሮጊት ናት ብዬ መንገድ እለቅላት ነበር።»

መምህርቷ አለቀሰች። ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ ነገሩን ባውቅ ኖሮ አልነካውም ነበር አለች። እሳቸው ግን እጃቸውን አወዛወዙ፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ባዶውን ዘጠኝ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ መገመት የውሸት ወንድም ነው ብዬ እርስዎን ስወቅስ የገመትሁት እኔ ነበርሁ አሉ።

እኔም በዚህ ጊዜ የሁለቱን ቅጾች ነገር አውጥቼ ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «ቢነግሩኝም አልሰማዎትም ነበር፣ ጸሐፊ» አሉ። «ከሰው አልቀበለውም። ከልጅቷ ደብተር ግን ምን ብዬ ልሽሽ?»

ከዚያ ሦስተኛውን ቅጽ ከኪሳቸው አወጡ። ዘጠኙን በአንድ መስመር ሰርዘው ከላዩ ሃምሳ ስድስት ብለው ሊጽፉ ሲሉ እጃቸው ቆመ።

«ከሞተችስ፣ መምህርት? ሳጥኑ ይህን ይነግረኛል?»

«አይነግርዎትም» አለች እንባዋን ጠርጋ። «ሳጥኑ የሚለው ካለች ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው ብቻ ነው። ማወቅ የማንችለውን እንተወዋለን፤ ምን እናደርጋለን። ማወቅ የምንችለውን ግን መተው የለብንም። ዘጠኝ ዓመት ያላት ሱንዬ ማዶ ቢፈልጓት የለችም፤ ማንም አያገኛትም። የሃምሳ ስድስት ዓመቷ ግን ልትገኝ ትችላለች።»

ሽማግሌው ጻፉ። ቁጥሩ በደንብ ይነበባል። ጉሙ ሲገፈፍ ጀልባዋ ጮኸች፤ ሁላችንም ዕቃችንን ይዘን ተነሣን።

እናንተ ልጆች ያላችሁ ሰዎች ሆይ፣ ይህን ታሪክ የጻፍሁት ለእናንተ ነው። ልጃችሁ ባዶ ሳጥን ያለበት ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ምልክቱን ብቻ አይታችሁ ደምር፣ ቀንስ አትበሉት። መጀመሪያ ታሪኩን ይንገራችሁ፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ቀረ ብሎ ያውራችሁ። የመጣው ሲመለስ፣ የሄደው ሲጠራ የጠፋው ቁጥር ራሱ ብቅ ይላል። ያገኘውንም መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ያንብበው፤ ከገባ ገባ፣ ካልገባ ማንም ሳይቆጣው ራሱ ያየዋል። እንዲህ የተማረ ልጅ አለማወቅን አያፍርበትም፤ አላውቅም የሚለው ቃል የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይመስለውም። የእኩል ምልክቱም መልስ የሚጣልበት ጉድጓድ ሳይሆን በግራና በቀኝ ያለው አንድ መሆኑን የሚመሰክር ሚዛን መሆኑን ያውቃል። ይህን ያወቀ ልጅ ሲያድግ በቀላሉ አይታለልም፤ ራሱንም በቀላሉ አያታልልም።

ጥቅሙ ለልጆች ብቻ እንዳልሆነም አየሁ። የቦራም አያት ከከተማ ሲመለሱ በአረጋውያኑ ማረፊያ ቤት የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። በዚያ ቤት ምድጃ ዙሪያ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ከማዶ የመጡ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በሆዳቸው የማያድግ ሰው ይዘዋል። ቦራም ከዕረፍት ስትመለስ የተለዩአቸውን ሰዎች ዕድሜ እንድታሰላላቸው እየተቀባበሉ አስጠሯት። አንዲት ሴት ጡት ሳይጥል የተዉት ወንድማቸው አርባ ስምንት ዓመቱ መሆኑን ሲሰሙ፣ «ሽበት ያለው ጨቅላ አለኝ ለካ» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። በዚያ ወር ሰባት ቅጾች ተስተካክለው በእኔ እጅ አለፉ።

መልስ መጣ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ለአንዳቸውም አልመጣም።

ዓመት ተለውጦ፣ በጸደይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቦራም አያት ፖስታ ቤት ገቡ። ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዘው ቆሙ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀርበው ከተማ ሊሄዱ መሆኑን፣ የማንበቢያ መነጽር መግዛት መፈለጋቸውን ነገሩኝ። ለእርስዎ ነው ወይ ስላቸው አይደለም አሉ። ሱንዬ በዚህ ዓመት ሃምሳ ሰባት ሆናለች፤ በዚያ ዕድሜ ዓይን ይደክማል፤ ከማዶ ደግሞ ጥሩ መነጽር ይገኝ እንደሆነ አያውቁም። ስንት ቁጥር መግዛት እንዳለባቸው ግን ቸገራቸው።

«ወደ ማዶ ዕቃ እንደማይላክ ያውቃሉ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ቤት ይቀመጣል።»

እኔም ያን ዓመት ሃምሳ ሰባት ሞልቶኝ ነበር። መነጽሬን አውልቄ ቁጥሩ ሁለት መሆኑን፣ ለእኔ ዕድሜ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ እንደሚበቃ ነገርኳቸው። በእጃቸው መዳፍ ላይ «ሁለት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ሊሄዱ ዞረው ተመለሱ።

«ጸሐፊ፣ እርስዎ ሃምሳ ሰባት ነዎት አሉኝ?»

«አዎ።»

መስኮቱ ላይ ተደግፈው ፊቴን አዩ። የጆሮ ግንዴን ሽበት አዩ፣ የዓይኔን ሥር አዩ፣ አፌ ዙሪያ ያለውን ሽብሽብ አዩ። እኔም ቆምኩላቸው። እንዲህ ረጅም ጊዜ ያየኝ ሰው የለም።

«እንዲህ ሆናለቻ» አሉ።